ዘጠኝ ዙር በፍርስራሹ በር ላይ

ያን እሁድ ሕፃኑ ዊልበርት አራት ወር ሞላው። በአገሩ ልማድ ወንድ ልጅ አራት ወር በሞላው ቀን የወላጆቹ አበልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሌው ላይ አንፈራጦ ይዞት ጠረጴዛ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል፤ ሴት ከሆነች በሦስት ወሯ። የበቆሎ ማሳ አራት ማዕዘን፣ ምድጃም ሦስት ጉልቻ አለውና። ቀኑ ካለፈ የልጁ እግር ይወላገዳል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት፣ በገዛ ልጁ ማን ይሞክረዋል?

ችግሩ አበልጁ ነው። አንሴልሞ ፖት ጫካው ውስጥ ያለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ዘበኛ ነው። ተቀያሪው ታሞ ስለቀረበት በሩን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ የሕፃኑ እናት፣ የወንድሙ ልጅ ኔልሚ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ለሥርዓቱ የሚሆን የተቀቀለ እንቁላልና የተቆላ የዱባ ፍሬ ይዛ ራሷ መጣች። አባቷን ፊደንስዮንም አስከትላለች። እሱ ግን ከበሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረ፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አንሴልሞ ነፋስ ባለበት ቀን ማሳውን ለዘር ሲያቃጥል እሳቱ አመለጠውና ፊደንስዮ ከአባታቸው የወረሳቸውን አሥራ አራት የንብ ቀፎዎች በላ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባው "ነፋሱ ነው" አለ። ያን ይቅርታ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

"አጎቴ፣ ዙሩን እዚያ ላይ ብናደርገውስ?" አለች ኔልሚ፣ ከትልቁ ፒራሚድ ፊት ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ እያሳየች።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ 'አትውጡበት' እያልኩ ስጮህ ኖሬ፣ ዛሬ እንቁላል ላቀርብበት? የነገሥታት ድንጋይ ነው እኮ።"

"ነገሥታቱስ ዘመዶቻችን አይደሉ? ቅር አይላቸውም።"

"ቶሎ የሚቀየመው ዘመድ አይደል?" አለና ወዲያው በተናገረው አፈረ።

የቀረው የጎብኚዎች መዝገብ የሚፈረምበት ጠረጴዛ ነው። እሱ ደግሞ በሩ መሃል ነው የሚቆመው፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። የሚዞረው ሰው በየዙሩ በፊደንስዮ አፍንጫ ሥር ማለፍ አለበት። የሕፃኑ አባት ካንኩን ከተማ ሆቴል ግንባታ ላይ ስለሆነ ልጁን የሚረከበው አያቱ ነው፤ የተረከበ ደግሞ ካዞረው ሰው ጋር አበልጅ ይሆናል፣ አበልጅም ተኳርፎ አይኖርም። ኔልሚ ይህን ሁሉ ሳታስብበት አልመጣችም።

ዘጠኝ የዱባ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ በየዙሩ አንዱን ታነሳለች። አንሴልሞ ሕፃኑን ዳሌው ላይ አስቀምጦ፣ ተማሪ እንዲሆን እርሳስ አስጨበጠውና ጀመረ። ፊደንስዮ ቀና ብሎ ዛፉ ላይ ያሉትን ዝንጀሮዎች ያያል። በሦስተኛው፣ ገበሬም እንዲሆን፣ የገጀራ እጀታ አስነካው፤ ፊደንስዮ አሁንም ዝንጀሮዎቹን ያያል። በአምስተኛው ዝንጀሮዎቹ ድንገት ሲያገሱ ሕፃኑ ደነገጠ፣ የፊደንስዮም እጅ ሳያስበው ወደ ልጁ ተዘረጋ። በሰባተኛው ሁለት ጎብኚዎች መጡ። አንሴልሞ ሳይቆም "ጠብቁ" አላቸው፤ ጠበቁ።

የመጨረሻው ፍሬ ሲነሳ አንሴልሞ ወንድሙ ፊት ቆመ።

"ልጃችሁን አዙሬላችኋለሁ። ተረከብ" አለ።

ፊደንስዮ ልጁን እንጂ እሱን አላየም።

"የዞርከው ስምንት ነው።"

አንሴልሞ በአሥራ አንድ ዓመት ከወንድሙ አፍ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። አንሴልሞ ዘጠኝ መሆኑን ያውቃል፤ ጉልበቱ አንድም ዙር አልረሳም። ኔልሚም ቆጥራለች፤ ግን ከመዳፏ አንድ ፍሬ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

"እንግዲያው አንድ ይቀረኛል" አለ አንሴልሞ።

ሲራመድ የወንድሙ ኮቴ ከጎኑ ተሰማው። በሩን አብረው ገቡ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሲደርሱ አንሴልሞ ቆመ።

"ንቦቹን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ነፋሱ አይደለም። ይቅር በለኝ።"

ፊደንስዮ ሕፃኑን ከወንድሙ ዳሌ ወደ ራሱ ዳሌ አሻገረው።

"የቀረችውን ግማሽ ዙር እኔ እዞራታለሁ፣ አበልጄ። አንተ ቁጭ በል።"