ሃያ አንደኛው ካርድ

የእንጨት ሥራ ድርጅቱ፣ ጸሐፊዋን ጨምሮ፣ ሃያ አንድ ሠራተኞች ነበሩት። የሰዓት መዝገቡን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የያዘችው እሷ ናት። ጠዋት መዝገቡን በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ ሰዉ እየገባ ይፈርማል፤ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ትዘጋዋለች። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ይቅርታ የለም፣ ልመና የለም። ሠራተኞቹ «እሷ ለወለደቻት እናቷም አታዳላም» ይሉ ነበር።

ካለፉት ሰባት ወራት ወዲህ ግን ለታናሽ ወንድሟ ትፈርምለት ነበር።

ወንድሟ ቫርኒሽ ቀቢ ነው። «ቀለሜ» ይሉታል፤ ትምህርት ስለሚወድ አይደለም፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሳያገባ ከእናታቸው ጋር ይኖራል። እናታቸው መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ የለኮሰችውን ምድጃ ረሳች፤ ቀጥሎ የቤቷን በር፤ ቀጥሎ የልጆቿን ስም። ሁለት ጊዜ በባዶ ራሷ ዋናው መንገድ መሐል ቆማ ተገኝታለች። ቀን ቀን የምትጠብቃት አንዲት ጎረቤት አለች፤ እሷም ብትሆን ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመለሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀለሜ እናቱን ለጎረቤቲቱ አስረክቦ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ሥራ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ይሞላል። ያባከነውን ሰዓት ማታ አምሽቶ ይክሳል። አንድም ወንበር በእሱ ምክንያት ዘግይቶ አያውቅም።

ጸሐፊዋ ታላቅ ናት። ባልና ሁለት ልጆች፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላት። እናቷን ልትወስዳት ስንት ጊዜ አስባ ስንት ጊዜ ተወችው። ባሏ እምቢ አላለም፤ ያለው «እስቲ እናያለን» ነው። እሷም ያንን እንደ እምቢታ ቆጥራው በልቧ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። ለወንድሟ የምትፈርመው ፊርማ ለዚያ እሾህ የምትከፍለው መሰላት።

የድርጅቱን ባለቤት ለምን አታስፈቅደውም ቢሏት መልስ ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት የማጣበቂያ ክፍሉ ሠራተኛ ሚስቱ ስትታመምበት አርፍዶ ለመግባት ጠይቆ ነበር። ባለቤቱ፣ «ለአንዱ በር ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው» አለው። ሰውየው በወሩ ሥራውን ለቀቀ። የስንብት ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ታዲያ ባለቤቱ አንድ ደብዳቤ ይዞ ቢሮዋ ገባ።

«የኢንሹራንሶቹ ነው፣ አንብቢው» አላት።

አነበበችው። እንጨት፣ ዘይትና ቫርኒሽ ባለበት ግቢ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ማን እንዳለ መታወቅ አለበት ይላል። የወረቀት መዝገብ ከእንግዲህ አይበቃም፤ መሣሪያ ይገባ። አደጋ ቢደርስ የስም ዝርዝሩን ይዞ የሚጠራ ሰው ይመደብ።

«መሣሪያውን አንቺ ምረጪ» አለ ባለቤቱ። «እኔ የማውቀው እንጨት መምረጥ ነው። ጠሪዋም አንቺ ነሽ። ደህና ነው ያልሽኝን ይዘሽልኝ ነይ፣ እፈርማለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ሦስት ዓይነት መሣሪያ አገኘች። አንዱ የጣት አሻራ ያነባል። ሁለተኛው ፊት አይቶ ያውቃል። ሦስተኛው ተራ ካርድ ነው፤ ማሽኑን ሲያስነኩት «ቲት» ይልና ሰዓቱን ይመዘግባል። ካርዱን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሻጭ ዝርዝሩን ሲያስረዳት ገና ይሄ ገብቷታል። ቢሆንም ለመምረጥ የምትደክም ሰው መሰለች። አንድ ማተሚያ ቤት ሄዳ አሻራው እንዴት እንደሚሠራ አየች፤ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ፊት የሚያየውን አየች። የማተሚያ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ «ይሄ ከገባ ወዲህ አንድ ሰው ለሌላው አይፈርምም፤ ሌብነት ቀረ» አላት። አመስግናው ስትወጣ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

የአሻራው ሻጭ ግቢ ድረስ መጥቶ መሣሪያውን አስሞከረ። ሠራተኞቹ እየሳቁ ተሰለፉ። ቀድሞ የሞከረው ዋናው አናጺ ነበር፤ «አባ ልክ» ይሉታል፤ ሁለቴ ሳይለካ መጋዝ አያነሳም፣ የሌላውንም ሥራ ሳይለካ አያልፍም። አውራ ጣቱን አስቀመጠ። መሣሪያው አላወቀውም። ሌላውን ጣት አስቀመጠ፤ አሁንም የለም። ሻጩ እጁን በጨርቅ ጠረገለት፤ ያው ነው።

«አትልፋ ልጄ» አለ አባ ልክ። «አርባ ዓመት እንጨት ስልግ እንጨቱም ለካ እኔን ሲልገኝ ነው የኖረው።»

ሁሉም ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች፤ የሳቀችው ግን በሌላ ነው። ምክንያት አግኝታለች። በማግሥቱ ለባለቤቱ ባቀረበችው ወረቀት ላይ፣ የአናጺዎችና እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉ ሠራተኞች አሻራ ስለጠፋ የጣት መሣሪያ እንደማያገለግል፣ ፊት የሚያየውም በመጋዝ ብናኝ እንደሚበላሽ፣ ስለዚህ ካርዱ እንደሚሻል ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ውሸት የለበትም። ባለቤቱ ሳያነብ ፈረመ።

ማሽኑ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ሃያ አንደኛው ካርድ፣ የወንድሟ፣ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አልወጣም። ጠዋት የራሷን ታስነካለች፤ ዞር ብላ ትመለከትና የወንድሟን ታስነካለች። ቀለሜ ሦስት ሰዓት ላይ በኋላ በር ይገባል፤ ቫርኒሽ የሚራገፈው በዚያ ስለሆነ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። የቅብ ክፍሉ ለብቻው ጥግ ላይ ነው። አቧራ እንዳይቀመጥበት በሩ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ እሱ ይኑር አይኑር የሚያይ ሰው የለም።

«እታለም፣ ይሄ ነገር አያዛልቅም» አላት አንድ ቀን።

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንተ ንገረኛ።»

እናታችንን ውሰጃት አላለም። ብሏት አያውቅም። እሷም የምትፈራው ያንን ነበር።

በአራተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጥበቃው ከግቢው ጥግ እየጮኸ መጣ። ከቅብ ክፍሉ ጣሪያ ሥር ጥቁር ጭስ ይወጣል። መጋዞቹ ቆሙ። ሰዉ እየተገፋፋ ወደ ፊት ለፊቱ በር ወጣ። ባለቤቱ ዕቃ ለማድረስ ሄዶ ስለነበር አልነበረም። ጸሐፊዋ ደብዳቤው እንዳዘዘው ዝርዝሩን ከማሽኑ አውጥታ፣ ወረቀቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ስም መጥራት ጀመረች። «አቤት»፣ «አለሁ»፣ «እዚህ ነኝ»። የወንድሟ ስም ላይ ስትደርስ ዘለለችው። የመጨረሻውን ጠርታ ወረቀቱን አጠፈች።

«ሃያ ነን» አለ አባ ልክ። በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር ነበር። እንደገና ቆጠረ። «ሃያ። ወረቀቱ ስንት ይላል?»

ያጠፈችውን ወረቀት ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ዘረጋው። ጣቱ በዝርዝሩ ላይ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ።

«አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ገብቷል። ቀለሜ ውስጥ ነው!»

ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች፤ ከሁለት አይበልጥም፣ ከሁለትም አያንስም። በመጀመሪያው ትንፋሽ ባለቤቱን አሰበች፣ በሁለተኛው የማጣበቂያውን ሰው የስንብት ደብዳቤ። አፏን ስትከፍት አባ ልክ ዲጂኖ አንስቶ በግድግዳው ጥግ ታጥፏል።

«የለም!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ የለም! ወንድሜ የለም!»

ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ይወጣል» እያሉ አቀፏት፤ ሙሾ የጀመረች መስሏቸው። ጩኸቷን የሰሙ ሁለት ወጣት አናጺዎችም፣ ልጁ አለቀለት ብለው፣ አባ ልክን ተከትለው ሮጡ። ከሴቶቹ እጅ ለመውጣት ታገለች። በጮኸች ቁጥር አጥብቀው ያዟት።

«ስሙኝ! ቤቱ ነው ያለው! ዛሬ ገና አልገባም! ካርዱን ያስነካሁት እኔ ነኝ!»

የያዟት እጆች አንድ በአንድ ለቀቋት።

አንዷ ፈጥና ወደ ኋላ ሮጠች፤ ሁለቱን ወጣቶች ደጃፉ ላይ ደርሳ መለሰቻቸው። አባ ልክ ግን በሩ ከውስጥ የተቆለፈ መስሎት ሰብሮት ገብቷል። ውስጥ በደረቱ እየተሳበ፣ በጠረጴዛዎቹ ሥር በእጁ እየዳሰሰ፣ የቀለሜን ስም ይጠራ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ወጣቶቹ እርጥብ ጆንያ ተከናንበው ገብተው በእግሩ ጎትተው አወጡት። እጆቹ ተቃጥለዋል። ሲያስል ከአፉ ጥቁር ነገር ይወጣል።

ቀለሜ በሦስት ሰዓት መጣ። የኋላው በር በእሳት አደጋ ሰዎች ስለታጠረ ዞሮ በፊት ለፊቱ ገባ፤ አባ ልክን የወሰደው አምቡላንስ ከሄደ ገና ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሠራተኞቹ በሙሉ ቆመው አዩት። በሕይወት በመኖሩ እልል የሚል፣ የሚያቅፈው አልነበረም። አንዲት እንጨት ፈታጊ ብቻ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እህቱን አያት። ማንም ምንም ሳይነግረው ገባው፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ መንስኤውን አገኙት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ካደረ በራሱ ግሎ ይነዳል። ቀለሜ ሁልጊዜ ጨርቆቹን ዘርግቶ ነበር የሚሄደው። ሰኞ ማታ ግን፣ የጠዋቱን ሰዓት ለመካስ እንዳመሸ፣ ጎረቤቲቱ እናትህ አልያዝ አለችኝ ብላ ስትደውልለት ጨርቆቹን እንደተከመሩ ትቶ ነው የሮጠው።

ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራት። ቁጭ በይ አላላትም፤ እሷም አልተቀመጠችም። ሁሉንም ነገረችው፤ የመዝገቡን ሰባት ወር፣ የካርዱን አራት ወር፣ የእናቷን ነገር። ሳያቋርጣት ሰማ።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለ በመጨረሻ። «እፈቅድልሽ ነበር እኮ።»

«የማጣበቂያው ሰውዬ ጠይቆዎት ነበር ጋሼ።»

«የሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ሆነ?»

ባለቤቱ መስኮቱን ተመለከተ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እርሳስ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ቁልፎቹን አስረክቢ» አላት።

ቀለሜን አላሰናበተውም። መግቢያ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት እንዲሆን በሳምንቱ በደብዳቤ ፈቀደለት። ደብዳቤውን ወንድሟ ሲያሳያት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር ኖሯል። አንብባ መለሰችለት።

እናቷን ቅዳሜ ወሰደቻት። ባሏን አላማከረችም፤ አልጋ ስታዘዋውር አይቶ ራሱ መጥቶ በአንድ ወገን ያዘላት። እናቷ አዲሱ ክፍል ውስጥ ዙሪያዋን እያየች፣ «አንቺ ልጅ፣ የማን ቤት ነው ያመጣሽኝ? ባለቤቶቹ ሳይመጡ እንሂድ» አለቻት። ይህንኑ በቀን ሃያ ጊዜ ትላታለች።

ሆስፒታል ለመሄድ አሥር ቀን ፈጀባት። አባ ልክ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርኑ ተጠቅልለዋል። ሐኪሞቹ እጁ ይድናል፣ ሳንባው ግን ወደ መጋዝ ብናኝ አይመለስም ብለዋል። ይህን ከሴት ልጁ ሰምታለች። አልጋው እግር ላይ ቆመች።

«ደህና ዋሉ አባባ?»

«ይመስገን። ቅረቢ ልጄ።» ድምፁ እንደ ደረቀ ሣንቃ ይሻክራል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀቱን ከእጅሽ ስወስድ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጮኸሻል ይላሉ።»

«ጮኼያለሁ። ግን ዘግይቼ ነው አባባ። እያወቅኩ ነው የዘገየሁት።»

አባ ልክ ሊያስል ሞከረና ደረቱን ስላመመው አፈነው።

«እዚያ ውስጥ ሳለሁ አንድ ጆንያ ዳሰስኩ» አለ። «እሱ መስሎኝ አቀፍኩት። ለመጎተት ታገልኩ። ጆንያ ነው ኮ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «አሁን ሂጂ ልጄ። ደክሞኛል። ነገ ነይ።»

በማግሥቱ እናቷን ለባሏ ትታ መጣች። የአባ ልክ ልጅ በሩ ላይ አገኘቻት። ጫማዋን አየች እንጂ ዓይኗን አላየችም።

«ተኝቷል» አለች።

ከበሩ ውስጥ ሲያስል ይሰማል።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች ጸሐፊዋ፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይም ተቀመጠች።