የታፔላ ጻፊዋ ጨረቃዎች

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ማስመሪያ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታፔላ ስትጽፍ ማስመሪያ ይዛ አታውቅም። መሰላሏ ላይ ትወጣለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ብሩሿን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትጎትተው መስመሩ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል። የዳቦ ቤቱም፣ የፋርማሲውም፣ የጫማ ጠጋኙም ታፔላ የእሷ እጅ ሥራ ነው።

ያ እጅ ነው እንግዲህ የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ አንድ ጠዋት ላይ የከዳት። ፊቷን ስትታጠብ ሳሙናው አመለጣት። ላንሳው ብላ ጎንበስ ስትል እሷም አብራ ወደቀች። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሏት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀኝ እግሯን እየጎተተችም ቢሆን ቤቷ ገባች። ቀኝ እጇ ግን የሰው ዕቃ ሆነባት፤ ጭኗ ላይ ካስቀመጡት እዚያው ይውላል።

በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ድረስ የምትመጣላት ፊዚዮቴራፒስት ወፍራም እርሳስ በጨርቅ ጠቅልላ አስያዘቻትና፣ «በየቀኑ ሃያ ክብ ይሥሩ፣ እናቴ» አለቻት።

ሞከረች። እርሳሱ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ከወረቀቱ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አልጋ ሥር ወረወረችው።

«የስንቱን ሰው ስም የጻፍኩ ሴትዮ፣ ዛሬ ዜሮ ልማር?»

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሷም «ሹፌሩ» እያለች ነው የምትጠራው። አጠገቧ ተቀመጠና፣ «በቃ እጅ ልትሰጪ ነው?» አላት።

«የቱን እጄን ነው የምሰጠው?»

ተያዩና ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ በመስኮቱ በኩል ከፊት ለፊት ባሉት ሁለት ሕንፃዎች መሀል ጨረቃ ወጥታ አየች። የጥፍር ቁራጭ ነው የምታህለው። ማስመሪያ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች።

«ሹፌሩ፣ ያንን ደብተር አውጣልኝ።»

«ምን ታየሽ ደግሞ?»

«ያቺ ክብ ሥሪ ያለችኝ ልጅ የመጨረሻውን ነው መጀመሪያ ያዘዘችኝ። እስቲ እያት፣ ጨረቃ እንኳ ክብ ለመሆን ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። እኔም ከጭረት እጀምራለሁ። ከዚያ በየቀኑ እሷን እያየሁ ነው የምሥለው፤ ስትሞላም፣ ስትጎድልም።»

ያን ምሽት አንዲት የጎበጠች ጭረት ጫረች። ሹፌሩ ከሥሯ ቀኑን ጻፈላት።

በሦስተኛው ቀን ጨረቃዋ ከፍ ብላ ከመስኮቱ ጠፋች። የቀረው የሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ሠላሳ ስድስት ደረጃ አለው። ሹፌሩ ጉልበቱን የፍሬን ፔዳል ጨርሶታል። ልጃቸውም እናቷ ጣሪያ ልትወጣ ማሰቧን ሰምታ ደወለች።

«እማ፣ ደረጃ ላይ ብትወድቂስ?»

«መውደቅማ ፊቴን ስታጠብም ወድቄያለሁ። መታጠብ ተውኩ?»

ወጣች። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሹፌሩ የምትቀመጥበትን ዱካ ተሸክሞ፣ ብትወድቅ ሊቀልባት እጁን ዘርግቶ ከኋላዋ ይወጣል። «ወደኋላ አልሄድም፣ እጅህን ሰብስብ» እያለች ትቆጣዋለች። ጣሪያው ላይ ከተሰጣ ልብስና ከውሃ ታንከር በቀር ምንም የለም። ሰማዩ ግን ዝናቡ አጥቦት እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ የመጸው ነፋስም አንሶላዎቹን ያርገበግባል።

ጨረቃዋ ግማሽ የሆነች ዕለት ገና ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ አየቻት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ስትኖር ቀን ላይ እንደምትወጣ ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ደስ አላት። ደስታዋ ግን እርሳሱን እስክታነሳ ነው። ግማሽ ጨረቃ አንድ ጎኗ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ያንን መስመር ስታሰምረው ተጣመመ። ደገመችው፣ ባሰ። ሆድ ባሳትና ፊቷን ወደ አንሶላዎቹ አዞረች። ሹፌሩ አይዞሽ አላላትም። የኪሱን ቢላ ለመክፈት ትንሽ ታገለና እርሳሱን ቀርጾ መለሰላት። አሥራ አንድ ጊዜ አሰመረች።

በሞላችበት ቀን ፀሐይ በአንድ በኩል ስትገባ ጨረቃዋ በሌላው በኩል ቀላ ብላ ብቅ አለች። ማስመሪያ ትንፋሿን ይዛ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አዞረች። ሁለቱ ጫፎች በአንድ ጣት ያህል ተላለፉ።

«በሩን ከፍተሽ ረሳሽው» አለ ሹፌሩ። አልሳቀችም።

በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቷ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አገላበጠች። ከዚያ፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት እኮ ጣትዎን ማጠፍ አይችሉም ነበር» አለቻት።

«አልገጠመም» አለች ማስመሪያ።

ከዚያ ወዲያ ጨረቃዋ እየመሸባት ስለምትወጣ ጠዋት ጠዋት፣ ከመግባቷ በፊት ነበር የሚያዩዋት። ብርዱ ጠና። በሃያ ሁለተኛው ቀን የሹፌሩ ጉልበት አብጦ ከአልጋ መውረድ አቃተው።

«ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ።»

«አንተ ተኛ።»

ብቻዋን ወጣች። ግራ እጇ ደብተሩን ይዟል። አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ከዳትና ተንገዳገደች። ስትረጋጋ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ጨብጣ ራሷን አገኘች፣ በቀኝ እጇ። ጣቶቿ ሳታዛቸው ተጣጥፈው ነበር። የሌላ ሰው እጅ የምታይ ያህል ቆማ አየቻቸው። ከዚያ መውጣቷን ቀጠለች።

ሰማዩ ዳመና ነበር። ዱካው ቤት ቀርቷልና የታንከሩ ሥር ተቀመጠች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳመናው ተቀደደና የጎደለችው ጨረቃ ነጣ ብላ ታየች። ሣለቻት።

ስትወርድ ሹፌሩ በአንድ እግሩ እየነጠረ ደረጃው ሥር ደርሶ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለልጃችን ልደውልላት ነበር!»

«ደውልላት። ብረቱን ይዛ ወረደች በላት። በየትኛው እጇ ብትልህ፣ በቀኙ በላት።»

ሹፌሩ እጇን ሳበና መዳፏን አገላብጦ አየው። የብረቱ ዝገት ጣቶቿ ላይ ቀርቷል። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገላት።

ጨረቃዋ ተመልሳ ስትሞላ ክቡ ገጠመ። «እንቁላል ይመስላል» አላት ሹፌሩ። «ድንችም ይምሰል፣ ተዘግቷል!» አለችው። እጇ እንደ ድሮው አልሆነም፤ መሰላል ላይም ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ብርዱ ሳይብስ ግን አንዲት ልብስ ሰፊ በሯ ላይ የምትሰቅላት ትንሽ ታፔላ አዘዘቻት፤ ሁለት ቃል ብቻ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በአራት ቀን ጨረሰችው። ሹፌሩ ቆንጆ ነው አለ። ልብስ ሰፊዋም ቆንጆ ነው አለች። ማስመሪያ ግን አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችውና፣ ሁለተኛውን ቃል ሙልጭ አድርጋ ፍቃ እንደገና ጀመረች።