የሚሰረዘው እጅ

የዘጠኝ ቀን ሕፃን አንገቱን ችሎ አገጩን በእጆቹ ላይ ማሳረፍ አይችልም። በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ የምታዩት፣ ሕፃኑ በሆዱ ተኝቶ በሁለት መዳፉ ጉንጩን ደግፎ እንደ አሳቢ ሽማግሌ የሚታይበት ፎቶ፣ በእውነቱ ሁለት ፎቶ ነው። በአንደኛው ላይ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከላይ ይይዝለታል። በሁለተኛው ላይ ያው ሰው ክንዶቹንና አገጩን ከታች ይይዝለታል። ከዚያ ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠሙና የያዘው እጅ ይሰረዛል። በእኛ ቤት የሚይዘው የእናቴ እጅ ነው። የምሰርዘው እኔ ነኝ።

ሥራው ውስጥ የገባሁት ሳላስበው ነው። ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የውኃ ምህንድስና ተምሬ ስመለስ፣ አገር ምድሩ እኔን ሲጠብቅ የከረመ መስሎኝ ነበር። ሲጠብቁኝ የከረሙት ግን እናቴና እኅቴ ብቻ ነበሩ። ማመልከቻ ሳስገባ፣ ነገ ተመለስ ስባል፣ ስምንት ወር አለፈ። በዚህ መሀል እኅቴ ወለደችና ከዚያ ይዤው በመጣሁት ካሜራ ልጇን አነሳሁላት። እሷ ፎቶውን ለጓደኞቿ ላከች፣ ጓደኞቿም ለጓደኞቻቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራሶች ደወሉልኝ። ያን ዕለት እናቴ አልጋዋን እየገፋች ኮሪደር ላይ አወጣችና ትልቅ መስኮት ያለውን ክፍሏን ለቀቀችልኝ። ብርሃን አለው፣ ሥራበት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዬ የምገባው በአልጋዋና በግድግዳው መካከል ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ በጎኔ እየሄድኩ ነው።

የጥጉ ባለ ሱቅ ባየኝ ቁጥር «እንዴት ነው ምህንድስናው? ዛሬስ ስንት ሊትር ሸኑብህ?» ይለኛል። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ?

እናቴ ባትኖር ደግሞ ሥራው የለም። ደረቷን ገልጣ የምታጠባ አራስ ከማታውቀው ጎረምሳ ጋር በር ተዘግቶባት አትቀመጥም። እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። አልቅሶ አልቅሶ ያስቸገረ ሕፃን ሲኖር ነርሶቹ መጥረጊያዋን አስጥለው ወደ አልጋው ይጎትቷት ነበር፤ ስሟንም «ጸጥታ» ብለው አውጥተውላት በዚያው ቀረ። ዛሬም ደንበኞቼ ሲደውሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እማማ ጸጥታ አሉ?

ክፍሉ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሕፃኑ ራቁቱን ስለሚተኛ ሁለት ማሞቂያ ይበራል፣ የበሩ ሥር በፎጣ ይወተፋል። ከስልኬ የዝናብ ድምፅ ይለቀቃል፤ ሕፃናት በማኅፀን ሲሰሙት ከኖሩት ድምፅ ጋር ይመሳሰልላቸዋል ይባላል። ደጅ ፀሐይ፣ ውስጥ ዝናብ። ሕፃኑ እስኪተኛ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ላብ እያጠመቀን እንቀመጣለን። ማንም አያስልም፣ ወንበር አያንቀሳቅስም። እኔ እዚያ ተቀምጬ መሄድን አስባለሁ። እዚያ ሳለሁ ደግሞ መመለስን ነበር የማስበው። ለየትኛው እንደተፈጠርኩ አላውቅም።

ከአራት ወር በፊት ለማንም ሳልናገር በተማርኩበት አገር ላለ አንድ የውኃ ድርጅት አመለከትኩ። ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። ሐሙስ ጠዋት እንደውላለን፣ በዚያው ስልክ እሺታህን ወይም እምቢታህን ንገረን፣ እሺ ካልክ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራ ትጀምራለህ ይላል። እሺ ልል ቆርጬ ነበር። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ግን አላወቅኩም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሕፃን ፎቶ ሳስተካክል፣ ልሰርዘው አጉልቼ ያየሁት የእናቴ እጅ ደብዝዞ አገኘሁት። የሕፃኗ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጭንቅላቷ ላይ ያረፉት ጣቶች ግን ጭስ መስለዋል። የካሜራው ጥፋት ቢሆን ሁሉም በደበዘዘ ነበር። የቆዩትን ፎቶዎች ከፈትኩ። በእኅቴ ልጅ ፎቶ ላይ የጣቶቿ ሽብሽብ ሳይቀር ይታያል። ከአራት ወር ወዲህ የእጇ ዳር መሳሳት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላይ አውራ ጣቷ ሁለት ሆኗል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን እጅ አጉልቼ፣ ከብቤ፣ ስሰርዝ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን አላየሁትም።

ሐሙስ ጠዋት የመጡት የከባድ መኪና ሾፌርና ሚስቱ፣ የዘጠኝ ቀን ወንድ ልጃቸውን ይዘው ነው። ሾፌሩ ገና ከመግባቱ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳላስተኛቸው ነገረን።

«በእኔ ወጥቶ ነው» አለ። «እኔም መሪ ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ሰው ፊት አትናገረው፤ እውነት ይመስላቸዋል» አለች ሚስቱ።

እናቴ ሳቀችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኳትና፣ ዛሬ እኔ ልያዝ፣ አንቺ ሪሞቱን ተጫኚልኝ አልኳት። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ስለሚቆም ከሩቅ ሪሞቱን መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው? እጄ ሸተተህ?»

ለመልመድ ያህል ነው አልኩ። ሪሞቱን ተቀበለችኝ። ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበርና እንዲያ ቶሎ እሺ ማለቷ የከፋት መሰለኝ።

ልጁ ጠባ፣ አገሳ፣ ሸና፣ እንደገና ጠባ። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ትልቁ ድቡልቡል ትራስ ላይ በሆዱ አስተኛሁት። ክንዶቹን አጣጥፌ፣ አገጩን በመዳፌ ላይ አሳርፌ ያዝኩት። ጭንቅላቱ የሚያህለው አንድ ትልቅ ብርቱካን ነው፤ ክብደቱ ግን ክንዴ ድረስ ይሰማል። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ረዘመ፣ ጣቶቹ ተፈቱ። ሙቀቱና ዝናቡ ተባብረው ወላጆቹንም አስተኟቸው። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ፣ ሚስቱ ትከሻው ላይ ተደግፋ። የነቃነው እኔና እናቴ ብቻ ሆንን።

ዝናቡ ድንገት ቆመ። ትራሱ አጠገብ ያለው ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የሕፃኑ ግንባር ተኮማተረ። ሁለቱ እጆቼ እሱ ሥር ናቸው። አንዱን ባወጣ ሁለት ሰዓት የለፋንበት እንቅልፍ ይበተናል፣ ባላወጣ ስልኩ ይዘጋል። እናቴ ተንበርክካ ስልኩን አነሳችው። ረጅሙን የውጭ ቁጥር አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከፈተችውና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ዝናቡ በመቅረቱም እሷው ራሷ በአፏ «እሽሽሽ» ትል ጀመር፣ ሳታቋርጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደችው።

የደወለችው ሴት ድምፅ ጥሩ ነበር። ያ ድምፅ ምንድን ነው አለችኝ። ዝናብ ነው አልኳት በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንጠብቅህ? ስልኩ ጆሮዬን ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። የያዘው እጅ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ በሌላ እጇ አንጓዋን ያዘችው፤ አልቆመም። ሁለት ወር ብትሰጡኝስ አልኩ። ሴትየዋ አዘነች፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው ዛሬውኑ መልስ እየጠበቀ ነው አለች። ኮሪደሩ ላይ ያለው አልጋ ታየኝ፤ እናቴም አልጋው ላይ ሆና ኩባያ ለማንሳት ስትሞክር። ሴትየዋን እምቢ አልኳት። መልካሙን ሁሉ ተመኘችልኝና ዘጋች።

እናቴ ስልኩን ከጆሮዬ አንስታ ዝናቡን መልሳ ከፈተችው። የቱን እንደምትጫን ታውቃለች። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተንበረከከች ቀረች።

«ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ይህ ድምፅ ምንድን ነው አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ዝናብ።»

«ገና ሳትቀጠር መዋሸት ጀመርክ?» ፈገግ አለች። ቀጥላም «እምቢ አልካቸው አይደል?» አለች።

«በምን ቋንቋ ሰማሽ?»

«ድምፅህን። ትንሽ ሳለህ መድኃኒት ስሰጥህ እንዲህ ነበር የምትለው።»

መሄድ ማሰቤን እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። ጠረጴዛዬን ስትወለውል መሳቢያው ውስጥ የፓስፖርት ፎቶዬን አግኝታ ነበር። የሰው ልጅ ሲያነሳ የሚውል ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሁለት ጆሮውን አሳይቶ ራሱን በከንቱ አያነሳም አለች። መጀመሪያ ስታያቸው አራት ነበሩ፣ በሳምንቱ ሁለት ሆኑ። ያኔ አለቀ ብላ አሰበች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

ሾፌሩ ተገላበጠ። ሲረጋጋ፣ እጇን አይቼ ነው የቀረሁት አልኳት። ፎቶው ላይ እንዳየሁት፣ እንዲህ ሆና ትቻት እንደማልሄድ ነገርኳት። እየነገርኳት ራሴን ጠረጠርኩት። ምናልባት መሄዱን ፈርቼው እጇን ሰበብ አድርጌው እንደሆነስ?

እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንደ ሰው ዕቃ አየችው።

«ሐኪም አይቶታል» አለች። «አይገድልም፣ አይድንም ብሎኛል። እኅትህ ታውቃለች። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ በረንዳ ያለው። አንተ እስክትሄድ ነበር የያዝኩት፣ ልጄ።»

«ምኑን?»

«ይህንን ሁሉ።» በአገጯ ማሞቂያዎቹን፣ በፎጣ የተወተፈውን በር አሳየችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ለቅሶ ሰማሁ። ጡረታ ስወጣ ያማረኝ ጸጥ ያለ ቤት ነበር። አንተ ሥራ አጥተህ ፊትህ ሲጠቁር ጊዜ፣ እስኪያልፍለት ልያዝለት አልኩ። ልጄ ሄደ፣ ሥራው ቆመ ብዬ ለሰዉ ተናግሬ፣ አልጋዬን ይዤ ልወጣ ነበር።»

«እኔ እኮ ሥራው ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው አንድ ዓመት እዚህ የተቀመጥኩት።»

«እኔም አንተን ደስ የሚልህ መስሎኝ።»

ከመጋረጃው አጠገብ የቀን መቁጠሪያው ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ቀጠሮ አለበት፤ አሥራ አንዱም ገና አልተወለዱም። ቆዩ አይባሉ ነገር፣ ቀናቸው በእጃችን አይደለም።

«ደውልላቸው» አለች እናቴ። «አሁኑኑ። ተሳስቼ ነው በላቸው። ሌላውን ሰው ገና አላገኙት ይሆናል።»

ቁጥሩን ራሷ ልትመታ ሞከረች፤ ግን ጣቷ ሦስት ጊዜ ሌላ ቦታ አረፈ። እኔ ልሞክር ብዬ ቀኝ እጄን ከሕፃኑ አገጭ ሥር በጣት በጣት መሳብ ጀመርኩ። ጭንቅላቱ ዘመመ፣ ከንፈሩ ለለቅሶ ተጣመመ። መልሼ ያዝኩት። እንደገና ሳብኩ። እንደገና ግንባሩ ተኮማተረ። መለስኩ።

«ተወው» አለች እናቴ፣ በረጅሙ ተንፍሳ። «ሲነቃ ትደውላለህ። እስከዚያ ፎቶህን አንሳ።»

ሪሞቱን አነሳችና ወደ ካሜራው ጎን ሄደች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ ጊዜ ስትጫን አራት አምስት ጊዜ ያነሳል። ሕፃኑ ወይ ፍንክች። በተኛበት ፈገግ አለ፤ እንዲያ ያለ ፈገግታ ሰው በሦስት ወር አንዴም አያገኝም። ክንዴ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ትከሻዬ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ሲንጠባጠብ የሚጠርግልኝ እጅ አልነበረኝም። የግድግዳው ሰዓት ከአምስት ወደ ስድስት ሄደ። ልጁ በዘጠኝ ቀን ዕድሜው እንዲያ ተኝቶ አያውቅም ነበር፤ ይህን የነገረችን እናቱ ናት፣ ስትነቃ፣ ዓይኖቿ እንባ አዝለው።

ስልኩን ያገኘሁት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ማንም አላነሳውም።

ሾፌሩ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ለሚቀጥለውም ልጅ ከወዲሁ ቀጠሮ እንድንይዝለት አሳሰበን፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። ሕፃኑን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ካቀፈችው በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

እናቴ አሜን አለችልኝ። ከዚያ እንዲያልፉ ብላ አልጋዋን ወደ ግድግዳው ገፋችላቸው፤ እኔም በሌላው ጫፍ ያዝኩላት።