ጭምብሎቹ ያለፉት ቤት

ፉኪ የአዲስ ዓመቱን የሣር ገመድ በሯ ላይ ስትሰቅል ጎረቤቷ ሃትሱኤ በአጥር በኩል አየቻትና ዝም ማለት አቃታት።

"እትዬ ፉኪ፣ ዘንድሮም ይሰቅሉታል እንዴ?"

"ለምን አልሰቅልም? እቤቴ የሞተ ሰው አለ?"

ሃትሱኤ ሆድ ይፍጀው ብላ ገባች። የፉኪ ልጅ የሹንሳኩ ጀልባ ተገልብጣ ድንጋዮቹ ላይ የተገኘችው የዓሣው ወቅት በገባ ሰሞን ነው። ሹንሳኩ ግን አልተገኘም። መንደርተኛው ለልቅሶ ሲመጣ እናቱ በር ላይ ቆማ "ማን ሞተና ነው?" ብላ መለሰችው። አስከሬን ያላየች እናት ምን ይፈረድባታል! ሌላ ወደብ ወጥቶ ይሆናል፣ ሌላ ጀልባ አንሥቶት ይሆናል እያለች ታነጋለች።

አሁን የምትጠብቀው የዓመቱን የመጨረሻ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት የመንደሯ የኮታኪ ወንዶች የናማሃጌን ጭምብል አጥልቀው፣ የገለባ ካባ ደርበው፣ ከተራራ የወረዱ አማልክት ሆነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በዓመቱ ሰው የሞተበትን ቤት ግን አይረግጡም። ስለዚህ ከገቡላት መንደሩ ልጇን ካሉት ጋር ቆጥሮታል ማለት ነው። ካለፏትስ? እሱን ማሰብ አልፈለገችም።

በዚያ ላይ እንግዳ አለባት። ፉኪ ሁለት ክፍል ለመንገደኛ ታከራያለች፤ አንዱን ማዶካ የምትባል የኦሳካ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ይዛዋለች። ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚባለው ለዚህች ልጅ አይሠራም፤ ካርታ ላይ ስሙ በደቃቁ የተጻፈ መንደር ካየች እግሯ አያርፍም።

"ኪዮቶ ሄጄ የሰው ጀርባ ከማይ እዚህ ብርድ ቢቆላኝ ይሻለኛል" አለች፣ ምድጃው ላይ እጇን እያሞቀች። "እማማ፣ የእውነት ቤት ውስጥ ይገባሉ?"

"ይገባሉ እንጂ! ወለሉን እየደበደቡ 'ሰነፍ አለ?' ብለው ይጮሃሉ። የኔን ልጅማ በየዓመቱ ነው የሚያብጠለጥሉት። 'ያ አርባ ዓመት ሞልቶት ሚስት ያጣ ጎረምሳ የታለ?' ይሉኛል። እኔ ደግሞ እሟገትለታለሁ።"

"ዛሬስ ሲጠይቁዎት ምን ይላሉ?"

"ባሕር ላይ ነው፣ ይመጣል እላለሁ።"

ማዶካ ሳቀች። ምን ታውቃለች፤ የነገራት የለም።

ሲመሽ ፉኪ ሳኬ መጠጡን አሞቀች፣ ዓሣውንና ሩዙን በገበታ አቀረበች፣ የክት ልብሷን ለብሳ በሩ ትይዩ ተንበረከከች። ከሃትሱኤ ቤት ጩኸት ተሰማ። የወለሉ ድብደባ እነሱ ድረስ መጣ። ማዶካ በደስታ ክንዷን ያዘቻት። ከዚያ ኮቴው በረዶውን እየሰበረ ቀረበ፤ ቀረበና ደጁ ላይ ቆመ። ከውጭ ሰው ያንሾካሽካል።

ኮቴው እንደገና ተነሣ። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

"እማማ፣ ረሱን እኮ!" ማዶካ ብድግ ብላ በሩን በረገደችና በካልሲዋ በረዶው ላይ ሮጠች። "ኧረ ጋሼ! ይሄን ቤት ዘለላችሁት! እማማ ገበታ ዘርግተው እየጠበቋችሁ ነው!"

ከፊት ያለው ረጅሙ ዞረ። መንገድ ላይ ጭምብል ማውለቅ ነውር ነው፤ እሱ ግን አወለቀው። ኢዋኦ ነው፣ ከሹንሳኩ ጋር ሃያ ዓመት መረብ የጎተተው። ፊቱ ርሷል።

"አልዘለልነውም እህቴ። እንግባላቸው ብዬ ጓደኞቼን ለመንኩ፤ በኋላ ግን የኔው እግር እምቢ አለ። ሞት የገባበት ቤት አንገባም።" ከዚያ በተከፈተው በር ፉኪን አያት፤ ወገቡ እስኪታጠፍም አጎነበሰ። "ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

ፉኪ ልትቆጣው ፈለገች። አልሆነላትም። ስንት ቀን ጥርሷን ነክሳ ያቆመችው ተስፋ በአንድ ጊዜ ፈረሰ፤ ቁርጧን አወቀች። ማዶካ እየተንቀጠቀጠች ተመለሰችና ደፉ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ምን አጠፋሁ?"

መንደሩ ሁሉ አውቆ ጨርሷል። መርዶ የሚነገረው ሰው ቢፈለግ ከዚህች መንገደኛ በቀር አንድም አልቀረም።

"ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ" አለቻት ፉኪ። "ሹንሳኩ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ባሕር በላብኝ። ሞተብኝ።"

ያኔ ያ ሁሉ ቀን የታፈነው ልቅሶ ወጣ። ማዶካ የምታደርገው ጠፍቷት ፉኪ እግር ሥር ተቀመጠች። ኢዋኦ ጭምብሉን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ደጅ፣ በረዶው ላይ ተንበረከከ። ገብቶ ሊያቅፋት ፈልጎ ነበር፤ ዛሬ ምሽት ግን አምላክ ነውና መግባት አልቻለም።