አሥራ ሦስተኛው ድምፅ

ቻላቸው የአሥራ ሁለተኛውን ሰው ድምፅ ልኮ "ተመዝግቧል" የሚል መልስ ሲመጣለት፣ ስልኩ ሦስት ፐርሰንት ባትሪ ብቻ ቀርቶት ነበር። የቆመው ከአስፋልቱ ዳር ባለ የጠጠር ክምር ላይ ነው፤ ክረምት ከገባ ወዲህ በቁሐር ሚካኤል ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው፣ ያውም ደስ ሲለው። ከጀርባው ሜዳው በሙሉ ውሃ ለብሷል። የጉማራ ወንዝ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ሞልቶ በመውጣቱ ከሩዙ የሚታየው ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው። መብራት ከጠፋም ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ስልኩን የሚሞላበት ቦታ አልነበረም።

የቀረው የእማሆይ ወለተ ሐና ድምፅ ነው። በስልክ የሚላከው ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ቻላቸው አንገቱን አዙሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ተመለከተ። የእማሆይ ጎጆ ከዚያ ማዶ ናት፤ በመካከል ያለው ውሃ ለጎልማሳም ወገብ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የሩዝ አምራቾች ማኅበሩ አባላቱን እንደ አዲስ ሲመዘግብ፣ ቅጹ ላይ ስልክ ቁጥር ያልሞላ አይመዘገብም ተባለ። በዚያ ሰፈር ስልክ የነበረው ቻላቸው ብቻ ነበርና ባሏ የሞተባትም፣ ጆሮው የከበደውም፣ ስልክ ምን ይሠራልኛል ያለውም የእሱን ቁጥር እያስሞላ ፈረመ። በኋላ ስልክ የገዙትም ቢሆኑ፣ ቁጥር ለማስቀየር ማኅበሩ ቢሮ፣ ወረታ ከተማ ድረስ ማን ይመላለሳል ብለው ተዉት። ዘንድሮ ማኅበሩ "በስልክም ድምፅ መስጠት ይቻላል" ብሎ ለእያንዳንዱ አባል የሚስጥር ቁጥር ሲልክ፣ ከራሱ ሌላ አሥራ ሦስት ቁጥር በአንድ ቀን ተግተልትሎ ቻላቸው ስልክ ላይ ገባ። ሚስቱ አምሳል፣ እንግዲህ አንተ ብቻህን ቀበሌ ሆነሃል ብላ ስቃበታለች።

አምና የተሞከረው በፖስታ ነበር። ውሃ የከበበው ሰው ወረቀቱን ሞልቶ፣ ፖስታውን አሽጎ በሚያምነው ሰው ይላክ ተባለ። ፖስታዎቹ በአንድ ማዳበሪያ ተጠራቅመው በታንኳ ሲሻገሩ ታንኳዋ ዘመመችና ማዳበሪያው ውሃ ጠጣ። ሲከፈቱ ቀለሙ ፈሷል፤ ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ሆነ። ለድምፅ የቀረበው የወፍጮ ተከላ ሐሳብ በሰባት ድምፅ የወደቀውም ያኔ ነው።

ጥያቄው አምናም ዘንድሮም አንድ ነው። ማኅበሩ ከሰፈሩ አጠገብ አንድ የሣር ሜዳ አለው። ለሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ብድር ተገኝቷል፤ ወፍጮው እዚያ ይተከል ወይስ ሜዳው ለከብት ይቅር? ወፍጮ የሚል አንድን፣ ሣር የሚል ሁለትን ይጫናል። ብድሩ ደግሞ ከዚህ ነሐሴ አያልፍም። ቻላቸው ወፍጮውን የሚፈልገው ለሩዙ ሲል ብቻ አይደለም። ልጁ ሉሊት በማሽን ጥገና ተመርቃ ከቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጧት ጧት የምትሄድበት ሳይኖራት ፀጉሯን አበጥራ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ማየት አንጀቱን ይበላዋል። ወፍጮው ከተተከለ በሥራ ቅጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለአባላት ልጆች ነው ተብሏል።

እንዲያም ሆኖ እስካሁን ምንም አላጭበረበረም። ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ቤት ለቤት ዞሮ እያንዳንዱን ሰው ጠይቋል። ጎረቤቱ አገኘሁሽ "ሁለት በልልኝ፤ ደሞ የራስህን ሐሳብ እንዳትልክብኝ" ስትለው ከፍቶት ነበር፤ ቢሆንም ሁለትን ላከላት። እንደ እሷ ሣር ያሉ አራት ናቸው። የአራቱንም እንዳሉት ልኳል።

እማሆይን ግን የጠየቃቸው እሁድ ለት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስለ ስልኩ ሲያስረዳቸው በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡትና "ፊቴን ሳያይ ቃሌን የሚቀበለኝ ማን ነው? እኔስ ሄጄ በእጄ ነው የምጥለው" አሉት። ሳቀና ተዋቸው። ያኔ ውሃው ገና አልመጣም ነበር።

አሁን ባትሪው ሁለት ፐርሰንት ይላል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የደረሰ ሴት ይህን ውሃ አይሻገሩም ብሎ አሰበ። ድምፃቸው ባክኖ ከሚቀር መላኩ ይሻላል አለ ለራሱ። ሩዛቸውን በሰው ሸክም ወረታ ድረስ እየላኩ አይደል የሚያስፈለፍሉት? ወፍጮ እደጃቸው ቢመጣላቸው ይጠላሉ? ስለ ላማቸው ስለ ዳለቻ ግን አላሰበም፤ ወይም መጣበትና ገፋው። ያቺ ላም ከዚያ ሜዳ ሌላ የምትግጥበት የላትም። ጣቱ አንድን ተጫነ። "ተመዝግቧል" የሚለውን እንዳነበበ ስልኩ ጠፋ።

ከዚያ ባጃጅ አስቁሞ የራሱን ድምፅ በወረቀት ሊሰጥ ወደ ወረታ ሄደ። ለራሱ ድምፅ ስልኩን አላመነውም ነበር።

ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነው። የሩዙ ጆንያ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ መሀል ላይ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ በጠረጴዛው ላይ መዝገቡና በስልክ የሰጡት ሰዎች ስም የታተመበት ዝርዝር አለ። ከጥግ በኩል በመጋረጃ የተከለለ ቦታና ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ይታያል። ውሃው ብዙ ሰው ስላስቀረ የመጣው አርባ ቢሞላ ነው። ጸሐፊው ይሄይስ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሥራውን የሚያከብር ልጅ ነው። ተነሥቶ ደንቡን ጮክ ብሎ አነበበ። በስልክ የላከ ሰው ዳግመኛ በወረቀት አይሰጥም። የድምፁ ባለቤት ሳያዝ ድምፅ የላከ ስልክ ከተገኘ ደግሞ ከዚያ ስልክ የመጣው ሁሉ ይሰረዛል። ቻላቸው ይህን ሲሰማ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የጠፋውን ስልክ ነካ አደረገው።

ተራው ደርሶ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መጋረጃው ሊሄድ ሲል፣ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁ። እማሆይ ወለተ ሐና ገቡ። ቢጫ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ርሷል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከደጃቸው እስከ ታንኳው በእግራቸው ውሃ ገብተው፣ ከዚያ ባለታንኳው አያልነህ እስከ አስፋልቱ እንዳሻገራቸው፣ የቀረውን በባጃጅ እንደመጡ ለሚጠይቃቸው ሁሉ እየነገሩ አለፉ። ወንበር ሲሳብላቸው እንቢ አሉና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

ይሄይስ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"እማሆይ፣ እርስዎማ ሰጥተዋል" አላቸው።

"ምኑን?"

"ድምፅዎን። ዛሬ ጧት በስልክ ተልኳል።"

"እኔ ስልክ የለኝም፣ ልጄ።"

"የተመዘገቡት በአያ ቻላቸው ስልክ ነው። ለሳቸው ነግረው ይሆናል።"

እማሆይ ዞር ብለው ቻላቸውን አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የሚያዩት ነገሩን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው በሚታይበት ዓይን ነው።

"ቻላቸው፣ እሁድ ለት ምን ነበር ያልኩህ? ሄጄ እጥላለሁ ያልኩህ ይመስለኛል። ወይስ ላክልኝ ብዬህ ነው?"

አርባው ሰው የእሱን አፍ ይጠብቃል። ቻላቸው በዚያች አፍታ ሁሉንም አሰበ። እውነቱን ቢናገር የአሥራ ሁለቱ ሰው ድምፅ ይሰረዛል፤ የስልኩ ሰዓት አልፏል፤ እነሱም በውሃ ተከበዋል። አምና በሰባት የወደቀው ወፍጮ ዘንድሮ በዚህ ይወድቃል። ሉሊትም ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች።

"ላክልኝ ብለውኛል፣ እማሆይ" አለ።

"እንግዲያስ ረስቼዋለሁ" አሉ እማሆይ።

ይሄይስን ሥራ አስፈታሁህ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። አንድ ሰው ከኋላ፣ እማሆይ እኮ ደክመዋል ሲል ተሰማ፤ ሌላው በኀዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቸውም ጫማቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው ወጡ።

ቻላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ማንበብ ለማይችል እንዲሆን የወፍጮ ሥዕልና የሣር ሥዕል ተስሏል፤ እስክሪብቶው በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። እስክሪብቶውን አነሣ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ቁጥሩን አምኖ ሲሰጠው ደስ ይለው ነበር፤ ሰፈሩ ከሰው ሁሉ መርጦ ያመነው እሱን መሆኑ ያኮራው ነበር። ወፍጮው ላይ ምልክት ሊያደርግ እጁን ዘረጋና እስክሪብቶውን መልሶ ለቀቀው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ከውጭ ሲያስል፣ ወረቀቱን ባዶውን አጥፎ ይዞ ወጣ።

እማሆይ በረንዳው ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይጨምቃሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ቀና ብለው አዩትና ፈገግ አሉ።

"ነውር ካልሆነ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉት። "የቱን ነበር ያልኩህ?"

ቻላቸው ዓይኑን ወደሚጨመቀው ቀሚስ ጣለ።

"መንገዱን ሙሉ ሣር እላለሁ እያልኩ ነው የመጣሁ፤ ለዳለቻ ስል። ለካ አስቀድሜ ሌላ ብዬ ይሆናል።" ውሃውን መሬት ላይ ጨመቁት። "ሰሞኑንም ዳዊቴን ስደግም የት እንደደረስኩ ጠፍቶኝ ነበር፤ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ድካም አይዶለም። አሁንስ ፈራሁ፣ ቻላቸው። ዳለቻን ውሰዳት፤ አንተ ዘንድ ትሁን። የተናገርኩትን የማላውቅ ከሆነ አንድ ቀን ሳላስራት ቀርቼ ውሃ ይወስድብኛል።"

ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም፤ ለሚያምኑት ሰው አደራ የሚሰጡ ሆነው ነው። ቻላቸውን ያመመውም ይኸው ነበር። የወሰደባቸው አንድ ድምፅ መስሎት ነበር። አሁን ግን በገዛ ራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ወስዶባቸዋል፤ ላማቸውንም በፈቃዳቸው ሊያስረክቡት ነው። ምነው ያን ጊዜ ባትሪው ቀድሞ በጠፋ ኖሮ ብሎ ተመኘ። ደግሞ በባትሪው ማሳበቡ አሳፈረው።

እዚሁ በረንዳው ላይ ለሳቸው ብቻ ሊነግራቸው አሰበ። ያውቃቸዋል፤ ይቅር ይሉታል፣ ለማንም አይናገሩበትም። የአሥራ ሁለቱም ድምፅ ይተርፋል፣ ወፍጮውም ይተርፋል። ግን እዚያ ውስጥ ያሉት አርባ ሰዎች ረስቼዋለሁ ሲሉ ሰምተዋቸዋል። ዛሬ ማታ እያንዳንዱ እቤቱ ገብቶ፣ እማሆይ ወለተ ሐና የተናገሩትን አያውቁም ብሎ ያወራል። ነገ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያገኛቸው ሁሉ ሕፃን እንደሚያናግር ሰው ቃሉን እየደጋገመ ያናግራቸዋል፤ እሳቸውም ያምኑታል። አገኘሁሽን አሰበ፣ "የራስህን ሐሳብ እንዳትልክብኝ" ያለችውን። የእሷም ድምፅ ከሌሎቹ ጋር መሰረዙ ነው። ምን ብሎ እቤቷ እንደሚገባ አላወቀም። ለሉሊት ምን እንደሚላትም አላወቀም።

"ይነሡ፣ እማሆይ" አላቸው።

"ወዴት?"

"ወደ ውስጥ እንመለስ።"

"ሰዎቹን ደግሞ ሥራ እናስፈታቸው?"

ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ቀሚሳቸው ገና ይንጠባጠባል፤ የመጋዘኑ ወለል ላይ ከበር እስከ ጠረጴዛው የውሃ መስመር ተከተላቸው። የተሰለፉት ሰዎች ዞር ዞር አሉላቸው። ቻላቸው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መዝገቡ ላይ አስቀመጠው፤ ምልክት ያልተደረገበትን ወረቀት ደግሞ አጠገቡ።

ይሄይስ ስልኩን አንሥቶ አገላበጠው። "የጠፋ ነው እኮ፣ አያ ቻላቸው። ምን ላድርገው?"

ቻላቸው የእማሆይን ክንድ አልለቀቀም። በሩ ድረስ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እማሆይ አልረሱም" አለ። "እሁድ ለት ያሉኝ፣ ሄጄ በእጄ እጥላለሁ ነው።"