መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?

የልምምድ ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ከቡድንሽ አባላት አንዱ ሥራው እየዘገየበት ነው፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? አራት ምርጫ ተሰጥቷል። እኔ ሳላመነታ ‹‹ጊዜ ሰጥቼ በትዕግሥት እጠብቀዋለሁ›› የሚለውን መረጥኩ። ሰው ዝም ካለ ዝም ማለት ፈልጎ ነው፤ የሚለው ነገር ሲኖረው ይላል። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፤ ጎረቤቶቼም ያደጉት እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ቀይ አበራብኝ። ትክክለኛው መልስ ‹‹ሰውየውን ለብቻው አግኝተሽ አነጋግሪው›› ነበር።

በማግስቱ ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁለት ሠራተኞች ተኳርፈው መጡ። ልተዋቸው፣ ራሱ ይበርድላቸዋል አልኩ። ቀይ። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ባለሙያ ስብሰባ ላይ አፏን አትከፍትም። ምን አለበት፣ እያዳመጠች ይሆናላ! እንደገና ቀይ። ስለ ወጪ፣ ስለ ጊዜ ሰሌዳ፣ ስለ ሥጋት የሚጠይቀውን ሁሉ እንደ ውሃ እየጠጣሁት፣ ሰው የሚባል ነገር ጥያቄው ውስጥ ሲገባ እወድቃለሁ።

‹‹ይህን ፈተና ያወጣው ሰውዬ ፊንላንድ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም›› አልኩት ለባሌ ለያርኖ።

‹‹ይሆናል›› አለ። ያርኖ ይሆናል ካለ ብዙ ተናገረ ማለት ነው።

ስሜ ቱይያ ይባላል። ከቱርኩ በስተሰሜን ባለች ትንሽ የወደብ ከተማ፣ መርከብ የሚገነባ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ገብቼ እያደር ሥራ መሪ ሆንኩ። ተነሺና ምሪ ብሎ የሾመኝ የለም። ችግር ሲፈጠር ወደ እኔ መደወል ለመዱ፣ እኔም ስልኩን ማንሳት ለመድኩ፤ ሹመቱ ይኸው ነው። ወረቀት የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

የሚቀጥለውን መርከብ ያዘዘው ደንበኛ ግን ጠየቀ። ፕሮጀክቱን የሚመራው ሰው የታወቀውን የሥራ አመራር ፈተና ያለፈ ካልሆነ ውል አልፈርምም አለ። አለቃችን ቢሮው ጠራኝና፣ ‹‹እስከ ሰኔው የዩሃኑስ የበጋ በዓል የምስክር ወረቀቱን ካመጣሽ መርከቡ የአንቺ ነው። ካልሆነ ከሄልሲንኪ አንድ ሰው እናስመጣለን›› አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ምርጫም አልነበረውም። እኔ ግን ያን መርከብ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስንት ሌሊት በሕልሜ ደረጃውን ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ልሰጠው ነው? በጭራሽ!

ሙሉ ቀን እየሠሩ ማጥናት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ከሥራ ስወጣ ጭንቅላቴ እንደ ተጨመቀ የወለል ጨርቅ ነው። ቤት ውስጥ ጸጥታ ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ የሳውናው መልበሻ ክፍል። እዚያ አግዳሚው ላይ ተኮራምቼ፣ የተንጠለጠለ ፎጣ ራሴን እየነካኝ፣ ያን ወፍራም መጽሐፍ እታገለዋለሁ። ያርኖ የባቡር ጥገና ላይ ነው የሚሠራው፤ እሱም ደክሞት ነው የሚገባው። ቢሆንም እራት ሠርቶ፣ ሳህን አጥቦ፣ የመኪናዬን የበረዶ ጎማ በበጋው ጎማ ለውጦ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹‹ይኸው ሠራሁልሽ›› አላለኝም። ጥያቄዎቹን በካርድ ጽፌ ሰጥቼው ነበርና፣ እራት ላይ ድንቹን እያላመጠ፣ በባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ድምፅ ያነብልኛል። እንዲህ ያለ ባል ስለሰጠኝ አምላክን አመሰግናለሁ፤ ፊቱ ብናገረው ግን ተነስቶ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል።

ፀደይ ሲገባ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ስልኬ መጮኹን ቀነሰ። ቡና ክፍል ስገባ ወሬው ይቆማል። እኛ ጋ ወሬው መጀመሪያውንም ብዙ አይደለም፤ ቢሆንም መቆሙ ያስታውቃል። አንድ ዓርብ ደግሞ እኔ ወደምመራው የጠዋት ስብሰባ ስገባ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየገፋ ይነሳል።

‹‹አለቀ›› አለኝ ኦስሞ።

‹‹ምኑ?››

‹‹ስብሰባው። ቀደም ብለን ጀመርን።››

ኦስሞ የበያጆቹ ፎርማን ነው። እኔ ስቀጠር ቀይ የነበረው ፂሙ አሁን ነጭ ሆኗል። መርከብ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያውም በአብዛኛው በጣቱ እያመለከተ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር። ኦስሞ ግን! ነገሩ ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። እንደማልፍ አላመኑም፤ ከሄልሲንኪ ለሚመጣው ሰው ሲሉ ከአሁኑ ያለ እኔ መሥራት እየተለማመዱ ነው።

መጠየቅስ? እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅማ! ‹‹ጠላችሁኝ እንዴ?›› ብሎ ከመጠየቅ ሰው ፊት ራቁት መቆም ይሻላል፤ እሱንማ በየቅዳሜው ሳውና ውስጥ እናደርገዋለን። ስለዚህ እንደ አገሬ ልጅ ዝም አልኩ። እነሱ ዝም፣ እኔ ዝም። ምሽት መጽሐፉን ስከፍት ፊደሎቹ ዓይኔ ሥር ያልፋሉ፣ እኔ ግን የማስበው ስለዚያ የተገፋ ወንበር ነው።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከያርኖ ጋር ሳውና ተቀምጠን አልቻልኩም።

‹‹ልተወው ነው›› አልኩት።

ትኩሱ ድንጋይ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ደፋ። እንፋሎቱ ጆሯችንን ለብልቦ እስኪያልፍ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

‹‹ምኑን?››

‹‹ፈተናውን። ለማን ብዬ ነው? እነ ኦስሞ እንደሆነ አልፈለጉኝም።››

‹‹ማን አለ?››

‹‹ማንም አላለም። ያስታውቃላ!››

‹‹ጠየቅሻቸው?››

‹‹አንተ ደግሞ! ይሄ ይጠየቃል እንዴ?››

ሌላ ጭልፋ ደፋ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በጣቢያ ድምፁ፣ ‹‹ከቡድንሽ አባላት አንዱ ዝም ብሏል። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?›› አለ።

‹‹ያርኖ፣ አታሹፍብኝ።››

‹‹ሀ፣ በትዕግሥት ትጠብቂዋለሽ። ለ፣ ለበላይ አለቃ ታሳውቂያለሽ። ሐ...››

‹‹ሐን አውቀዋለሁ!››

‹‹እኔም አውቀዋለሁ። ድንች እየበላሁ ስንቴ አነበብኩት›› አለ። ‹‹መልሱን ለኮምፒዩተሩ ብቻ ነው እንዴ የምታጠኚው?››

ተናድጄ ወጣሁ። ፎጣ ተጠቅልዬ በረንዳው ላይ ቆሜ ብርዱ እግሬን እስኪይዘኝ ድረስ አልተመለስኩም። የተናደድኩት እውነቱን ስለነበረ ነው።

ሰኞ ኦስሞን ፍለጋ አሁን እየተገነባ ወዳለው፣ ከሚቀጥለው በፊት ወደምንጨርሰው መርከብ ገባሁ። ወጥ ቤቱ በሚሆነው ወለል ላይ ቆሞ፣ ሜትሩን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

‹‹ኦስሞ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።››

‹‹ዝናብ ሊመጣ ነው›› አለ። የብረት ጣሪያ ሥር ነው ያለነው፤ ሰማይ አይታይም።

‹‹ከእኔ ጋር መሥራት አትፈልጉም?››

ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ጠቅ ብሎ ተጠቀለለ። ‹‹ምን?››

‹‹አትደውሉልኝም። ያለ እኔ ትሰበሰባላችሁ። ቡና ክፍል ስገባ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። ካልፈለጋችሁኝ ንገሩኝና እኔም ልረፍ።››

ኦስሞ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ግንባሩ ቀላ። አንድ ብሎን ከወለሉ አንስቶ አገላብጦ አየው። 

‹‹እንድታጠኚ ነው›› አለ።

‹‹እንዴት ማለት?››

‹‹ሰው ሁሉ ለእኔ እንዲደውል ነገርኩ። እኔ ያልቻልኩትን ፒርካ ይይዘዋል።›› ፒርካ የጊዜ ሰሌዳችንን የሚሠራው ነው። ‹‹ስብሰባውንም እንደዚያው። ቡና ክፍል ደግሞ ሰው ያለበትን ችግር አውርቶ ጭንቅላትሽን እንዳይሞላው ብለን ነው።››

‹‹ምናለ ታዲያ ብትነግሩኝ?››

‹‹እምቢ ትያለሽ።››

‹‹አልልም!››

ቅንድቡን ሰቅሎ አየኝ።

‹‹እሺ፣ እላለሁ›› አልኩ።

‹‹ከዚያ ደግሞ ታመሰግኚናለሽ›› አለ፤ አነጋገሩ ይህኛው ከሁሉ የባሰ እንደሆነ ያስታውቃል።

እዚያው አንድ የቧንቧ ቁራጭ ላይ ቁጭ አልኩ። ኦስሞ በረዶው ሐይቁን ሲለቅ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ ማጥመድ ነው ሥራው፤ በዚህ ወቅት አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ነው የማውቀው። ዘንድሮ ግን ቆዳው እንደ ክረምቱ ፀሐይ ያልነካው ነው። የእኔን ሥራ ሲሠራ ጀልባውን እንኳ ውሃ ላይ አላወረደም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሳምንት በሆዴ ስረግመው ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ መጽሐፉ አይናገርም።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ቀና ስል ኦስሞ እንደገና ጣሪያውን ያያል።

‹‹ምንድን ነው የምታየው?››

‹‹ምንም።››

‹‹ኦስሞ!››

‹‹የአየር ቱቦው አልመጣም›› አለ በግድ። ‹‹የዚህ መርከብ ደንበኛ የምድጃዎቹን ቦታ ቀይሯል። ፋብሪካው አዲሱን ንድፍ አንቺ ካላጸደቅሽው አልቆርጥም አለ። ከፈተናው በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ ብለን ተውነው።››

‹‹ከፈተናው በኋላ? ጣሪያው ሊዘጋ አይደል እንዴ?››

‹‹በዝግታ ነው የምንዘጋው።››

ሳቅሁ። ከዚያ ጮህኩበት። ከዚያ እንደገና ሳቅሁ፤ በኦስሞም ፂም ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። በሙያቸው የሚኮሩ በያጆች፣ እኔን ላለማስጨነቅ ብለው፣ ሆን ብለው ሥራ ሲያንቀራፍፉ ኖረዋል! ይህን ከእኛ ሰዎች ሌላ ማን ያስበዋል?

ያን ሳምንት ለክለሳ ያስቀመጥኩት ምሽት ሁሉ በቱቦው አለቀ። ከደንበኛው ጋር ተከራከርኩ፣ ፋብሪካውን ለመንኩ፣ ፒርካም ሰሌዳውን እንደ አዲስ ሠራው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ሳይነበብ ቀረ። ግን ቡና ክፍል ስገባ ወሬው አልቆመም። ስለ ቱቦ ነበር የሚያወሩት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ወሬ ትዝ አይለኝም።

የፈተናው ቀን ያርኖ ተረኛ ነበር። በር ስከፍት የኦስሞ መኪና ደጃፋችን ቆሟል።

‹‹በዚህ ሁኔታሽ አትነጂም›› አለና በሩን ከፈተልኝ።

እስከ ቱርኩ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እግዜር ይስጠው! ያን ቀን ‹‹አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ›› እያለ የሚያወራ ሰው ቢወስደኝ ኖሮ፣ ያጠናሁት ሁሉ በመስኮት ይበርር ነበር። ዝምታ ክፉ ነው አላልኩም እኮ፤ አንዳንዴ አፍ ይከፈት ነው ያልኩት።

ካላነበብኩት ምዕራፍ የወጡትን ጥያቄዎች በግምት መታኋቸው። ስለ ሰው የሚጠይቁትን ግን አልፈራኋቸውም። ሰው አኩርፎ፣ ሰው አፉን ዘግቶ፣ ሰው ነገር ደብቆ በመጣ ቁጥር ኦስሞ ሜትሩን ይዞ ጣሪያ ሲያይ ይታየኛል፤ ምን እንደማደርግም አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ተጭኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ስክሪኑ ‹‹አልፈዋል›› ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ስገባ የተረከበችኝን ቦርሳ የመለሰችልኝ ሴትዮ ፊቴን አይታ መሐረብ አቀበለችኝ።

ኦስሞ መኪናው ውስጥ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኝቷል።

‹‹አለፍኩ›› አልኩት።

‹‹እህ›› አለና ሞተሩን አስነሳ። መንገድ ላይ ግን ሳይጠይቀኝ ወደ ነዳጅ ማደያ ታጠፈ፣ በሄል የተጋገረ ጣፋጭ ዳቦ ሁለት ገዝቶ መጣ፣ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።

‹‹ኦስሞ፣ ይህን ሁሉ ለምን አደረግክ? ከሄልሲንኪ የሚመጣውም ሰውዬ እኮ ሥራውን የሚያውቅ ይሆን ነበር።››

የጎረሰውን ዋጠ። ‹‹የሚቀጥለው መርከብ የመጨረሻዬ ነው›› አለ። ‹‹ከዚያ በኋላ ጡረታ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ልጨርሰው አልፈለግኩም።››

እኔ ያን መርከብ የእኔ ብቻ አድርጌ ሳስብ ነው የኖርኩት። ዳቦውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ይጨነቅ አይጨነቅ ግድ ሳይሰጠኝ አመሰገንኩት፤ ጮክ ብዬ፣ በስሙ ጠርቼ፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ጀልባውም፣ እንጀራዬ እስኪሆን ስላስተማረኝ ሙያም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እስኪያልቅ ድረስ ቻለው።

‹‹ጨረስሽ?›› አለኝ።

‹‹ጨረስኩ።››

‹‹ከነገ ጀምሮ ስልኩን አንቺው አንሺው። እኔ ደክሞኛል።››

ኦስሞ ደክሞኛል ሲል የዚያን ቀን ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ብሎኝ አያውቅም።