ከጋራው ማዶ የማይሰማው ሬዲዮ

ይዘንጋሽ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯ ላይ «ነገ» ብላ ጽፋ ሳትጨርስ የልጇ ድምፅ ከሬዲዮው ወጣ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጓሳው ለአጨዳ ይከፈታል። ማጭዳችሁን ሳሉ።»

እርሳሱ ከእጇ ወደቀ።

ቤታቸው ጓሳ ከሚባለው የጋራ የሣር መሬት ወሰን አጠገብ ነው። ልጇ ፀደንያ ሬዲዮና ስልክ ትጠግናለች። ከተበላሹ ዕቃዎች ማሰራጫ ሠርታ፣ ጓሮ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ ሰቅላ ማውራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የጠፋ በግ ታፈላልጋለች፣ የማኅበር ተራ ታስታውሳለች። ፈቃድ የላትም። እናቷ በየማለዳው ዛሬ ይብቃሽ ትላታለች፤ እሷም እሺ ብላ ባትሪውን ትቀጥላለች።

ጓሳው ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ለማንም አይናገሩም። እሁድ ጠዋት በየደብሩ በአንዴ ይነገራል። ሁሉም እኩል ሰምቶ እኩል እንዲገባ ነው። ፀደንያ ግን ቅዳሜ ተናገረች።

ብዙም ሳይቆይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ መኳንንት፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«የዚህ ወገን ሰው ከአሁኑ ወሰኑ ላይ ተኮልኩሏል። ሬዲዮሽ የማይሰማቸው የጋራው ማዶ ሰዎች ነገ ሰምተው እስኪደርሱ ምን ሣር ይተርፋል? ጣሪያቸውን በምን ይከድኑት?»

«የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አለች ፀደንያ።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ሬዲዮዬን እስክትጠግኚ ለጨዋታ ያልኩት ነው። ለአገር ለፍፊው አልኩሽ?»

ዛሬውኑ ካልተስተካከለ ሰኞ ነገሩ ወረዳ እንደሚደርስ፣ እሳቸውም ሊያስቀሩት እንደማይችሉ ነገሯቸው። ለይዘንጋሽ የሚታያት ልጇ በፖሊስ ተይዛ ስትሄድ ነው። ከማዶ ስልክ አይሠራም፤ ቤቱም የተበታተነ ስለሆነ በእግር ዞሮ ማዳረስ አይቻልም።

ፀደንያ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ባትሪው ሄደች። «እነቅለዋለሁ እማ። በቃ፣ ደስ ይበልሽ።»

ይዘንጋሽ ጋራውን ቀና ብላ አየች። «ከጫፉ ላይ ብናወራ ለማዶ ይሰማል?»

«በደንብ። ማታ ማታ እኛን ፍለጋ ሬዲዮ ሲነካኩ ነው የሚያመሹት። የሚይዝላቸው ግን ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሽቦውን አውርጂ። ጋሼ፣ እርስዎ ሽቦውን የምንሰቅልበትን እንጨት ይይዙልናል።»

«እኔ?» አሉ ጋሼ መኳንንት።

«ታዲያ ወሬው ከማን አፍ ወጣ?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁና ጋቢያቸውን አጣፉ።

ይዘንጋሽ ደብተሯን አንሥታ «ነገ» ከሚለው ቀጥላ፣ ፊደል በፊደል፣ የቀረውን ማስታወቂያ ጻፈች። ፀደንያ ደብተሩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። እናቷ አልሰጠቻትም።

«እኔ ነኝ የማነበው። ወረዳዎቹ የማን ድምፅ ነው ብለው ከጠየቁ የእኔ ይሁን።»

«እማ፣ ገና እየተንተባተብሽ?»

«ቀስ ብዬ አነባለሁ። ይጠብቁኝ።»

ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረውን፣ ፀደንያን ያዘለችበትን አንቀልባ አወረደች። ባትሪውን አዘለችና ወደ ጋራው ቀድማ ወጣች።